ዘፈኑን የሚዘጉላት ሴት

አንድ ሰው ኖሮ ኖሮ ሲሄድ፣ ያ ሁሉ መውጣትና መግባት ተጨምቆ ስንት ይሆናል? ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ሳስተምር ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ እሰጥ ነበር፤ እነሱም ቆንጆ ቆንጆ መልስ ይጽፉልኝ ነበር። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ፣ ጎንደር አራዳ ካለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳስበው፣ ለአንዳንዱ ሰው መልሱ አንድ ቃል ብቻ ሊሆን ይችላል እላለሁ። ለጎረቤቴ ለዓይናዲስ አንድ ቃል ነበር፤ የገዛ ስሟ። ሰው ፊት በስሟ መጠራት ፈለገች፤ ሌላ ብዙም የፈለገችው ነገር አልነበረም።

ዘፈኑን የማያውቅ ጎንደሬ ያለ አይመስለኝም። በስልሳዎቹ ወጣት የነበረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ልጆቻችንም ከእኛ ሰምተው ያንጎራጉሩታል። ሸክላው የወጣ ሰሞን ሙዚቃ ቤቶች ሌላ አያጫውቱም ነበር፤ በሬዲዮ የአድማጮች ምርጫ ሲጀመር ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነበር። የዘፈነው የአዲስ አበባ ዘፋኝ ነው። የተወደደለት ግን በዚህ ስንኝ ነው፤

ከእንፍራንዝ ማዶ ላይ ያየሁሽ ትርንጎ፣
ሰው ወስዶሽም እንኳን ያድራል ልቤ ፈልጎ።

ስንኙን ያወጣው ዘፋኙ ሳይሆን ዳኛው የሚባለው የእኛው ጋራዥ መካኒክ፣ የዓይናዲስ ባል መሆኑን ሰፈራችን ያውቃል። ስለዚህም እንፍራንዝ አካባቢ ትርንጎ የምትባል ቆንጆ እንዳለች፣ ዳኛው ሳያገኛት ሌላ ሰው እንደወሰዳት፣ እሱም በቁጭት ዓይናዲስን እንዳገባ ሁሉም ያውቃል። ያወቀው ሁሉ ስህተት ነበር፤ ግን ያውቃል። ሰርግ ቤት ዘፈኑ ደምቆ ሳለ ዓይናዲስ ብቅ ካለች አንዱ እየሮጠ ቴፑ ጋ ይደርሳል።

"ዝጋው! ዝጋው! ዓይናዲስ መጣች!"

ጨፋሪው እጁ አየር ላይ እንዳለ ይቀራል። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጣለች። ትንሽ ይቆይና የሙሽራ ዘፈን ይከፈታል። የሰፈራችን ሰው ክፉ አይደለም። በርኅራኄው ብዛት ግን ያን ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቀን እንኳ አላሰማትም።

እውነቱ እንዲህ ነው። ዳኛው ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ከእንፍራንዝ ትንሽ አለፍ ብሎ የተበላሸ አውቶቡስ ሊጠግን ሄደ። ከመኪናው ሥር ተኝቶ ሲታገል፣ ከሽንብራ ማሳ የሚመለሱ ልጃገረዶች አጠገቡ ደረሱ። አንዷ፣

"ውይ፣ ይኸ ሰው ሞቷል? እግሩ ብቻ ነው የሚታይ!" አለች።

"አልሞትሁም" አለ ዳኛው ከሥር፤ "ውኃ የሚሰጠኝ ካላገኘሁ ግን አይቀርልኝም።"

ሳቁ ደመቀ። ውኃውን ይዛ የተመለሰችው ያችው "ሞቷል" ያለችው ነበረች። ስሟ ትርንጎ ነው። እናት አባት የላትም፤ አክስቷ ናት ያሳደገቻት። ሽማግሌ ተላከ፤ ተጋቡ። ሙሽራዋ ጎንደር በገባች በነጋታው አማቷ በአገሩ ልማድ አዲስ ስም አወጡላት፤ "ከእንግዲህ ዓይናዲስ ነሽ" አሏት። ሰፈሩ በዚያው ጠራት። የወለደቻቸው ልጆችም ይህንኑ ብቻ ሰምተው አደጉ። አክስቷ ብዙም ሳትቆይ ሞተች፤ የቀሩት ዘመዶቿ በድርቁ ዘመን ወደ መተማ ቆላ ወርደው በዚያው ጠፉ። እንግዲህ ትርንጎ የሚላት አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እሱም በሩ ተዘግቶ፣ እናቱ ሳይሰሙ።

ካገባት በኋላ፣ ልብ በሉልኝ፣ ካገባት በኋላ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ከጋራዡ ሰዎች ጋር ጠጅ ቤት ገባ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በየተራ ይዞራል። ደስ ያለው ሰው "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ያንኑ በዜማ ይመልሳል። ተራው ዳኛው ዘንድ ደረሰ።

"ተቀበል!"

"እሺ ጌታዬ!"

ከእንፍራንዝ ማዶ ላይ ያየሁሽ ትርንጎ፣
ቤቴ ገብተሽ እንኳን ያድራል ልቤ ፈልጎ።

ቤቱ ጮኸ። የጋራዡ አለቃ ወንዴ ትከሻውን መታ አደረገውና፣ "አንተ ዝምተኛ! ቤትህ ያስገባሃት የማን ሚስት ናት? እኛንም አሳየና!" አለው።

ያን ጊዜ ወንድ የሰው ሚስት ቢያሞግስ ይጨበጨብለት ነበር። የገዛ ሚስቱን ጠጅ ቤት አምጥቶ ቢያሞግስ ግን እስኪያረጅ ድረስ መሳቂያ ይሆናል። ዳኛው ደነገጠ።

"ድሮ የማውቃት ናት፤ ሌላ ሰው አገባት" አለ።

ከዚህ በላይ አልዋሸም። ያችው ትንሽ ውሸት ግን ከእሱም በላይ ኖረች።

ዘፋኙ ከነባንዱ ጎንደር መጥቶ ስንኙን ከአዝማሪው አፍ ሰማ፤ ወደደው። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልህ አለው፤ ቤቱ የገባችን ሴት ሰው ምን ብሎ ይናፍቃታል? ስለዚህ "ቤቴ ገብተሽ" የሚለውን "ሰው ወስዶሽ" አደረገው። አልፈርድበትም፤ ዘፈኑ አገር ያዳረሰው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። የሄደን ሰው ሁላችንም ናፍቀን እናውቃለን። አጠገብ ያለን ሰው፣ አብሮ በልቶ አብሮ የሚያድርን ሰው መናፈቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለ ፍቅር የተጻፈ ብዙ አነበብሁ፤ አንድ መካኒክ ጠጅ ቤት ተቀምጦ ካለው የበለጠ አላገኘሁበትም።

ሸክላው ሲመጣ ዓይናዲስ አራዳ ሽንኩርት እየገዛች ነበር። ሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ በስሟ ጠራት። "አቤት ልል ምንም አልቀረኝ" አለችኝ ኋላ ስታጫውተኝ። ባሏ ሲገባ በር ላይ ጠበቀችው። በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ የዚያ ዘመን ሚስት ባሏን "አንቱ" ነው የምትል።

"ምነው ስሜን ገበያ አወጡት?"

"እኔ ተቀበል ያልሁ አንዱን አዝማሪ ነው። አገር ሙሉ ይቀበላል ብዬ መች አሰብሁ?"

"ደግሞስ እኔን ማን ወሰደኝ? 'ሰው ወስዶሽ' ይላል እኮ።"

"እኔ አይደለሁ የወሰድሁሽ!"

ሳቀች። እንደሳቀች፣ "ይንገሯቸዋ እንግዲህ፤ ሚስቴ ናት ይበሏቸው" አለችው።

"በሞቴ ትርንጎ፣ ጋራዥ መግቢያ ያሳጡኛል። ትንሽ ይብረድና እነግራቸዋለሁ።"

አልበረደም። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ልጆቹ ስልክ ገባ። ዳኛውም ዛሬ ነገ እያለ አረጀ። እሷ ለእሱ ብላ ዝም አለች። ማታ ማታ በሩ ሲዘጋ በትክክለኛው ስንኝ ያንጎራጉርላት ነበር፤ ለብዙ ዘመን ይህ በቃት።

ዳኛው ያረፈ ዕለት ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር። ጎረቤት ቤቱን ሞልቶታል። ልጁ ኤሌኒ፣ ሆስፒታል ነርስ የሆነችው፣ የአባቷን እጅ ይዛለች። ዓይናዲስ ጀርባዋን ሰጥታን ፎጣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ትነክራለች። ሰውዬው ዓይኑን ገለጠ።

"ትርንጎ" አለ።

 ኤሌኒ አንገቷን ደፋች።

"አቤት" አለች ዓይናዲስ።

"መጣሽ?"

"የት ሄጄ ነው የምመጣ? እዚሁ ነኝ።"

ዞራ መጣችና ግንባሩን ጠረገችለት።  ምሳ ሰዓት ላይ አለፈ።

ግቢው ውስጥ የቆመችው ጎረቤታችን ብርቱካን ደረቷን እየደቃች፣ "ይቺ ሴት ጻድቅ ናት! በጣውንቷ ስም አቤት ብላ ሸኘችው! እኔ ብሆን ፎጣውን ፊቱ ላይ ነበር የምወረውር!" አለች። ወሬው እድሩን አዳረሰ። ዓይናዲስ በስንት ዓመት ዝምታዋ ያላገኘችውን ክብር በአንዲት "አቤት" አገኘች።

እኔ ግን አንድ ነገር አይቼ ነበር። "አቤት" ያለችው ሳትዞር ነው። ሰው በሌላ ሰው ስም ሲጠራ፣ ለደግነት ሊመልስ ቢፈልግ እንኳን አንድ አፍታ ያስባል። እሷ አላሰበችም። ፎጣው ገና ውኃው ውስጥ ነበር።

ከአርባው በኋላ በአጥሩ በኩል ጠየቅኋት። "ማን ናት ትርንጎ?" አልኋት። ብዙ ዘመን እንደዚህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያውቅ ነበርና። እጇን አጥሩ ላይ አድርጋ ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ አወራችኝ፤ እግር ብቻ ስለሚታየው ሰው ስትደርስ እንደ ልጅ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ለኤሌኒ ነገረቻት። ኤሌኒ አቀፈቻት።

"እማዬ፣ አባዬን ለማንጻት ብለሽ ነው አይደል?"

"ልጄ፣ ትርንጎ እኔ ነኝ።"

"እሺ እማዬ። ደክሞሻል፤ ጋደም በይ።"

እኔም መሰከርሁ። "የጋሼ ነገር! ፍልስፍናቸው ነው" ብለው አሳለፉኝ። ብርቱካንማ ገረማት፤ "ሰውየውን ወሰደችባት፣ አሁን ደግሞ የዚያችን ሴት ዘፈን ልትቀማት ነው እንዴ?" አለች። ጻድቋ ሴት ከእውነተኛዋ ሴት ይልቅ ተወድዳ ነበር። ጻድቋን ማንም ሊተዋት አልፈለገም፤ ዓይናዲስ ራሷ ስትለምን እንኳን።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ታመመች። የእድሩን ጥሩምባ ነፊ፣ አያ ሰውአገኝን፣ አስጠራችው። ንጋት ላይ በየመንደሩ እየዞረ የሞተውን ሰው ስም የሚለፍፍ እሱ ነው። አልጋዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ኤሌኒም እኔም ነበርን።

"አያ ሰውአገኝ፣ ስሞት ምን ብለው ነው የሚጠሩኝ?"

"ምነው! እኔን ሳትቀብሪ ወዴት ነው?"

"ይንገሩኝ።"

"እንግዲህ... 'የአቶ ዳኛው ባለቤት ወይዘሮ ዓይናዲስ አርፈዋል' እላለኋ።"

አንገቷን ነቀነቀችና የምትፈልገውን ነገረችው። አያ ሰውአገኝ ቆቡን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። ኤሌኒን አየ። ኤሌኒ ፊቷ ቀላ።

"እማዬ፣ ሰው ምን ይላል? የአባታችን ውሽማ እኛ ቤት ሞተች ይሉናል እኮ።"

"እውነቷን ነው" አለ አያ ሰውአገኝ፤ "ደግሞ እድርተኛው የማን ሞት እንደሆነ ግራ ከገባው ማን ከቤቱ ይወጣል? ሰው ሳይኖርሽ ልትቀበሪ ነው?"

ሁለቱም ስለወደዷት ነው እንዲህ ያሉት።

በጥቅምት መባቻ አረፈች። ንጋት ላይ ጥሩምባው ተነፋ፤ ዓይናዲስ ብቻ ተባለ። ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ ካህናቱ በክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ብለው ፍትሐት አደረጉላት። ቀብሯ ላይ ያልተገኘ የለም። ስንመለስ መንገድ ዳር ካለ ሱቅ ያ ዘፈን ይሰማ ነበር፤ ከለቀስተኛው አንዱ ሮጥ ብሎ አዘጋው።

ያን ቀን አልጋዋ ላይ ሆና አያ ሰውአገኝን የለመነችው ይህን ነበር፤ "ዓይናዲስን ይተዋት አላልሁም፤ ለሰው እሷን ይጥሩለት። ጠርተው ሲጨርሱ ግን ጥሩምባውን ዝቅ ያድርጉና፣ ከደጄ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ትርንጎ ይበሉኝ።"