ቡሬ ላይ ሜትር የተዘረጋ ቀን

ዛሬ ከአንዱ ልጄ ቤት ወደ ሌላው እንደምዞረው ሁሉ ያኔም እግሬ አያርፍም ነበር። ለዚህ ይመስለኛል ሁለት እንግዶች ከአዲስ አበባ ቡሬ ወርደው መንገድ የሚያሳያቸው ሲጠይቁ ሰው ወደ እኔ የጠቆማቸው። በውጭ አገር ስሙ የገነነ አንድ የዕፅዋት ተመራማሪ አለ፤ ልጅነቱን በቆሎ ተማሪነት ያሳለፈው እኛው ደብር ነው። እነሱም ያደገበትን በእግራቸው ዞረው ማየት ፈለጉ።

ጊዜው ክፉ ነበር። መሬት ሊለካ፣ ግብር ሊጨመር ነው ተብሎ ባላገሩ ጠመንጃውን ይወለውላል። እንግዳ ሁሉ ቀላድ ጣይ፣ መሬት ለኪ ይመስለዋል። እኔም ፈርቻለሁ፤ እንግዳን ግን እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

ተመራማሪው በልጅነቱ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የቆመባቸውን ደጆች አሳየኋቸው፤ አንዱ የእናቴ ደጅ ነው። ውሻችን ቢነክሰው ቅጠል ሸምጥጦ፣ አኝኮ ቁስሉ ላይ ለጠፈ ብላቸው ተያይተው ሳቁ።

«ያኔውኑ ጀምሮታላ!» አለ ከሁለቱ ወፍራሙ።

ከከተማው ወጥተን የተማሪው ጎጆ የነበረበት ሜዳ ደረስን። ሣር ብቻ ነው። «እዚህ ነበር» ስላቸው ወፍራሙ የጎጆውን ስፋት ለማወቅ ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ዘረጋ።

«ቀላድ! ቀላድ ጣሉ!» የሚል ጩኸት ከማሳው ተነሣ። ወንዶቹ መጡ፤ ከፊት የእናቴ ወንድም፣ ጠመንጃውን አቀባብሎ። ጠብ ሲነሣ የሚባለውን፣ የተቃጣ ዱላ የሚያስቆመውን ቃል ጮኽኩ።

«በንጉሥ አምላክ!»

ባሰ።

«ሰማችኋት? የንጉሥ መልእክተኞች ናቸው ማለቷ ነው!» አለ አንዱ።

«አያ፣ መሬት አይደለም» አልኩ አጎቴን። «የቆሎ ተማሪ ጎጆ ነው የሚለኩት።»

«ጎጆው ታዲያ የታለ? ሣር ውስጥ ተሸሽጎ ነው?»

ከኋላ ሰዎች ሳቁ። ተንበርክኬ ሣሩን መንቀል ጀመርኩ። አፈር። ደግሞ አፈር። የእንግዶቹ ትንፋሽ ከራሴ በላይ ይሰማኛል። ፈቀቅ ብዬ ቆፈርኩ፤ ጥፍሬ እስኪደማ ቆፈርኩ። ኋላ የጠቆረ ድንጋይና አመድ ወጣ።

አጎቴ ቁጢጥ ብሎ አመዱን በጣቱ አሸው። «ምድጃ ነበረ» አለ። አፈሙዙን ወደ መሬት አዞረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔስ አመንኩሽ። ጩኸቱን የሰሙት የወንዝ ማዶዎቹ ግን ምድጃውን እስኪያዩ አይታገሡም። ውሰጃቸው!» አለኝ።

ሜትሩን እዚያው ጥለነው ሄድን። «እንዳትሮጡ» አልኳቸው፤ «የሚሮጥ ይጠረጠራል።» ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ አሳፈርኳቸው።

ስመለስ ዱላና ጠመንጃ የያዙ የወንዝ ማዶ ሰዎች መንገዱን ሞልተው መጡ።

«ማንን ሸኘሽ?»

«የእናቴን እንግዶች።»

አንዱ የመኪናውን አቧራ አየ፤ ቀጥሎ እኔን። «ሂጂ» አለኝ፤ እኔም ሳልሮጥ ሄድኩ።