ከኋላ የምትቆጥረው ዘርፈሽ

«ዘርፈሽ ዳናን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ» የሚል የሲቀላ ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። እስከ 1975 ዓ.ም. ድረስ እሷን የሚያውቋት አባቷ፣ እናቷና ከአባቷ ሸማ የሚገዙ ጥቂት ደንበኞች ብቻ ነበሩ። ከዶርዜ ወርዶ ሲቀላ ቤት የሠራ ሸማኔ ልጅ ናት። ሥራዋ ለአባቷ ፈትል በቀሰም፣ በትንሿ የመቃ ቁራጭ ላይ ማጠንጠን ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ ስታጠነጥን ድምፅዋ አይሰማም። የእኔ የዘካሪያስ ድምፅ ግን ከታችኛው የከተማችን ሰፈር ከሲቀላ እስከ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ድረስ ይሰማል ይባል ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ በኋላ የሠራሁትን ስትሰሙ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ቀድማችሁ እንድታውቁት ብዬ ነው።

በዚያ ዓመት ሀብተጊዮርጊስ የሚባል የመንገድ ሥራ መካኒክ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ መጣ። ካራቴ ያውቃል። ጋሽ እንለው ነበር እንጂ በዕድሜ ከእኛ ብዙም አይበልጥም። ቀበሌው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሥራ መልስ፣ አዳራሹን ፈቀደለት። «ካራቴ» የሚለው ቃል ሊቀመንበሩን ስላስፈራቸው ወረቀቱ ላይ «የአካል ማጎልመሻ» ተብሎ ተጻፈ። ሃያ ወንዶች ተመዘገብን፤ ሃያ አንደኛዋ ዘርፈሽ ነበረች። ምን ፈልጋ እንደመጣች ስንጠይቃት፣ «ቁጭ ብዬ መዋል ሰለቸኝ፤ ወገቤም አመመኝ» አለች። ሳቅንባት።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ በመጀመሪያው ቀን በረድፍ አንበርክኮ፣ እጃችንን መሬት አስደግፎ፣ ግንባራችን ሲሚንቶውን እስኪነካ ድረስ አስጎነበሰን። ለእሱ የካራቴ ሰላምታ ነው። ለእኛ ለጋሞዎች ግን መንበርከክ የዋዛ ነገር አይደለም። በእኛ አገር ሰው የሚንበረከከው ጠብ ለማብረድ፣ ደም ለማድረቅ፣ ይቅርታ ለመለመን ነው። ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መሀል ከተንበረከኩ ማንም ተራምዷቸው አያልፍም። እርስ በርሳችን ተያየን፤ መምህር ነው ብለን ግን ዝም አልን።

ዝም ያላሉት የዘርፈሽ አባት፣ አባባ ዳና ናቸው። ልጃቸው የት እንደምትሄድ ለማየት መጥተው በመስኮት ሲመለከቱ፣ ከሃያ ወንዶች ጋር ሆና አንድ የማያውቁት ሰው ፊት ግንባሯን ደፍታለች። ሌላ ምን ሊያስቡ ይችላሉ? ከባድ ጥፋት አጥፍታለች አሉ። ሮጠው አራት ሽማግሌዎች ሰበሰቡ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አምስቱም እርጥብ ሳር ይዘው ገቡና በሩ ላይ ተንበርክከው በጋሞኛ ይለምኑ ጀመር። «ልጃችን የበደለችውን እኛ እንክሳለን፤ ብቻ ሰው ሞቶ እንደሆነ ንገሩን» ነው የሚሉት።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ጋሞኛ አይሰማም። የአካባቢው ሽማግሌዎች ካራቴውን አክብረው ሰላም ሊሉት የመጡ መስሎት፣ ደስ ብሎት ፊት ለፊታቸው ተንበረከከ። እሱ ሲንበረከክ እኛም ተንበረከክን። በእኛ ወግ ይቅርታ ሳይገኝ ለማኝ አይነሳም፤ በካራቴው ወግ ደግሞ ታላቅ ሳይነሳ ታናሽ አይነሳም። እነሱ እሱን፣ እሱ እነሱን ሲጠብቅ ሃያ ሰባት ሰው ተንበርክኮ ቀረ። ጉልበቴ ሊገነጠል ሲል የገላገለችን ዘርፈሽ ናት።

«አባባ፣ ምንም አላጠፋሁም። ይሄ ሰላምታ ነው።»

አባባ ዳና ተነስተው ልብሳቸውን አራገፉ። «ለሰላምታ ከተንበረከካችሁ፣ ለደም ቀን ምን ልታደርጉ ነው?» ብለው ተቆጡ። ልጃቸው ከጥፋት ነፃ መሆኗ ግን ሆዳቸውን ሳያባባው አልቀረም፤ በወሩ ለሃያ አንዳችንም ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለው ቀበቶ ሸምነው ላኩልን። እንዲህ ያለ ቀበቶ የታጠቀ የካራቴ ተማሪ በዓለም ላይ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ አንድ ደንብ ነበረው፦ ሁላችንም በተራ እንቆጥራለን። «አንድ» ሲባል ሁሉም ቡጢ ይሰነዝራል፣ «ሁለት» ሲባል እግሩን ቀይሮ ይደግማል። የሚቆጥር ሰው ለዚያች ሰዓት መሪ ነው። እኔ ተራዬ ሲደርስ ጉልበቴን ለማሳየት እንደ መትረየስ አወርደዋለሁ፤ እኔ ስምንት ስል ግማሹ ገና ሦስት ላይ ነው። ዘርፈሽ ግን ፊት አትቆምም ነበር። ወደ ኋላ ሄዳ ከኦይታ ጀርባ ትቆማለች። ኦይታ አንድ ጉልበቱን የሚያመው ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ ነው። የእሱ እግር መሬት ላይ እስኪያርፍ ትጠብቅና ከዚያ ቀጣዩን ትጠራለች።

«ለምን ትጎትቺናለሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ስቸኩል ፈትሉ ቀጭኑ ጋ ይበጠስብኛል፤ ከዚያ ወፍራሙም አይጠቅመኝም» አለችኝ። የሸማኔ ወሬ ነው ብዬ ናቅኋት።

ግንቦት 1976 ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ እንደገና ተዛወረ። ልንሸኘው ወጥተን፣ መኪና ላይ ሊወጣ ሲል የአዳራሹን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ቁልፉን የያዘ ከእንግዲህ መሪ ነው፤ ከሁላችን ጎበዝ እኔ ነበርኩና እጄን ዘረጋሁ። አልፎኝ ሄዶ ለዘርፈሽ ሰጣት። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ፤ ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ብዙም ሳይቆይ ሊቀመንበሩ ጓድ ደበሌ መጡ። አዳራሹን ለማዳበሪያ መጋዘን ፈልገውታል። «መስከረም ሁለት አሥረኛው የአብዮት በዓል ነው። ሴቻ ሜዳ ላይ እንግዶች ፊት ትርኢት ታሳያላችሁ። ካማረ አዳራሹ የእናንተ ነው፤ ካላማረ ማዳበሪያው ይገባበታል» አሉን። ዘርፈሽ በሦስት ወር ውስጥ ሃያ ወንድ እንደ አንድ ሰው እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ነበረባት። ከሃያዎቹ ስድስታችን ደግሞ አኩርፈናል። እሷ ስትቆጥር እኔና አምስት ጓደኞቼ ወይ እጃችንን አጣጥፈን እንቆማለን፣ ወይ ሆን ብለን እንቀድማለን።

ከመካከላችን ዓባይ የሚባል የሴቻ ልጅ ይህን መታገስ አቃተው። ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት፣ «በአንተ ኩርፊያ አዳራሻችንን ልናጣ ነው!» ብሎ በቡጢ ከንፈሬን አፈነዳው። እኔም የበሩን መወርወሪያ ብረት አነሳሁ። የሲቀላ ልጆች ከኋላዬ፣ የሴቻዎቹ ከዓባይ ኋላ ተሰለፉ። ያ ብረት አርፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የሚያወራላችሁ ሰው አይኖርም ነበር፤ ወህኒ ነበርኩ።

ዘርፈሽ አልጮኸችም። በጓሮ በር ወጣች። ፈርታ ሸሸች ብዬ ነበር። ስትመለስ እጇ ላይ እርጥብ ሳር አለ። በእኔና በዓባይ መካከል ገብታ ተንበረከከች።

ይህ በእኛ አገር የሽማግሌ ሥራ ነው፤ ያውም የወንድ፣ ያውም ሽበት ያለው። የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ሳር ይዛ ስትንበረከክ አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

«አንቺ ደግሞ መቼ ሸበትሽ?» ብዬ ሳቅሁ። አብሮኝ የሳቀ ግን አልነበረም።

«ወንድሜ ዘካሪያስ፣» አለች ቀና ሳትል፣ «ቁልፉን ከሳሩ ጋር ይዤዋለሁ። ከፈለግህ ውሰደው። ብረቱን ግን አስቀምጥልኝ።»

ኦይታ የሚያመውን ጉልበቱን አጥፎ እያቃሰተ ከጎኗ ተንበረከከ። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሌላው። ዓባይም ተንበረከከ። አምስቱ ጓደኞቼም ከዱኝና ተንበረከኩ። ብረት ይዤ ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ብረቱን አስቀምጬ ተንበረከክሁ፤ ዓባይንም አቅፌ ሳምሁት። ቁልፉን አልነካሁትም። ዘርፈሽ ተነስታ ወደ ኋላ ሄደች፣ «አንድ» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁላችንም እኩል ሰነዘርን።

መስከረም ሁለት ቀን፣ የአቡጀዴ ልብሳችንን ለብሰን፣ የአባባ ዳናን ቀበቶ ታጥቀን ሴቻ ሜዳ ላይ ተሰለፍን። ከበላያችን «የሴቶች እኩልነት ይረጋገጣል!» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። በዚሁ ጨርቅ ሥር ጓድ ደበሌ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«መሪ ከኋላ የሚቆመው የት አገር ነው? ደግሞ ሴት ስታዛችሁ እንግዶቹ ምን ይላሉ? ዘካሪያስ፣ ፊት ውጣና አንተ ቁጠር።»

ስመኘው የከረምኩት ነገር በእግሩ መጣልኝ። ዘርፈሽ ሰምታለች። እንደ ልማዷ ከኦይታ ጀርባ ሄዳ ቆመች። እኔ ፊት ወጣሁ። ከዶርዜ፣ ከላንቴ፣ ከየቦታው የመጣው ሕዝብ ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ የኦይታ ጉልበት ትዝ አለኝ። እኔ ፊቴን ወደ ሕዝቡ አዙሬ ምን አየዋለሁ? የሚያየው ሰው ከኋላው ቆሟል። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

«ቁጠር እንጂ!» አሉ ጓድ ደበሌ ጥርሳቸውን ነክሰው።

አልቆጠርኩም። ጠበቅሁ።

«አንድ!»

ቀኑን ሙሉ ሳይሰማ የሚውለው ድምፅ ከኋላ ተነስቶ ሜዳውን ሞላው። ሃያ አንድ ቡጢ አብሮ ወጣ። «ሁለት!» ሃያ አንድ እግር አብሮ መሬት ረገጠ። እስከ መቶ ስትቆጥር አንድም ሰው አልቀደመም፣ አንድም ሰው አልቀረም። ኦይታ በላብ ተነክሮ፣ እንባው እየወረደ እኩል ጨረሰ። እልልታው ቀለጠ። እንግዶቹ ቆመው ለእኔ ሲያጨበጭቡልኝ ዞሬ በእጄ ወደ ኋላ አመለከትኩ፤ ጭብጨባው ባሰ። ጓድ ደበሌም ከሁሉ በላይ እያጨበጨቡ «የእኛ ቀበሌ ልጆች ናቸው!» ይሉ ጀመር። ለማዳበሪያው ያን ዓመት ሌላ መጋዘን ተገኘለት።

በመጨረሻ ለሕዝቡ ተንበርክከን ግንባራችንን መሬት አስነካን። እልልታው ቀጥ አለ። ከደጋ የወረዱት ሽማግሌዎች ደንግጠው ብድግ ብድግ አሉ። እነዚህ ሁሉ ልጆች ማንን በድለው ነው? አንዳንዱማ ሊያስታርቅ ሳር ለመንቀል ጎንበስ ማለት ጀምሯል። ይህን ጊዜ አባባ ዳና ጋቢያቸው ከትከሻቸው እየተንሸራተተ ከሕዝቡ መሀል ሮጠው ወጡ። መጀመሪያ በጋሞኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ጮሁ።

«ተቀመጡ! ማንም ማንንም አልበደለም! ሰላምታ ነው! ያስተማረቻቸው ልጄ ናት!»