ከኒም ዛፉ ሥር የወሰድኩት አፈር

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም፣ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ለምንጋራው ጓደኛዬም አልነገርኩም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ይሆን? እንጃ።

ጊዜው ሱዳኖች መንግሥታቸውን ባወረዱ ማግስት፣ ካርቱም ገና ያልተረጋጋችበት ነው። ሰልማ ከምትባል ሱዳናዊት መሐንዲስ ጋር እሠራ ነበር። ሰው መሬት ከመግዛቱ በፊት አፈሩ ተመርዞ እንደሆነ የምትመረምረው እሷ ናት። የሚቆፈረውን ቦታ በቀይ ቀለም ታመለክታለች፤ እኔ ቆፍሬ አፈሩን በከረጢት አደርጋለሁ፤ እሷ ወደ ላቦራቶሪ ትልካለች።

ማዮ ሰፈር አጠገብ አንድ ሰፊ ሆሽ ሊሸጥ ነበር። ድሮ አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚፈታበት ግቢ ነው። ከጥጉ ባለችው ክፍል ሰዓዳ የምትባል የወሎ ሴት ከአራት ዓመት ልጇ ከኢክራም ጋር ትኖራለች፤ ግቢውን ስለምትጠብቅ ኪራይ አትከፍልም።

ሰልማ ምልክቷን አድርጋ በሄደች በማግስቱ ሰልፈኞች መንገዱን በድንጋይና በጎማ ዘጉት። ስልክ ደወለችልኝ።

«መድረስ አልቻልኩም። አንተ ሥራውን ታውቀዋለህ፣ ቆፍረህ ጠብቀኝ። አምንሃለሁ» አለችኝ።

የመጀመሪያውን ምልክት ቆፈርኩ። አፈሩ አመድ መስሏል፤ የባትሪ ስብርባሪ ሞልቶበታል፤ ሽታው ጉሮሮ ያቃጥላል። ሰዓዳ ልጇን አዝላ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ወንድምዓለም፣ መጥፎ ነው እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እህቴ፣ ላቦራቶሪው ነው የሚያውቀው።»

«መጥፎ ከተባለ ገዢው ይተወዋል። ባለቤቱ ያን ጊዜ ግቢውን ዘግቼ አስወጣሻለሁ ብሎኛል። ገዢው ግን እዚሁ ትጠብቂያለሽ ብሏል። ኢንሻአላህ ደህና ይሆናል፣ አይደል?»

ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አልተናገረችም። አድርግልኝ አላለችኝም። እኔ ነኝ ያደረግኩት። የቆፈርኩትን መልሼ ደፈንኩ፤ በሩ አጠገብ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ንጹሕ አፈር ዝቄ ከረጢቶቹን ሁሉ ሞላሁ፤ ቁጥራቸውንም ጻፍኩባቸው። እኔ፣ በዚህ እጄ።

ለምን? አዝኜላት ነው እላለሁ። ግን ሽታው አስጠልቶኝም ነበር። የጎማው ጭስ እየቀረበ ሲመጣ ፈርቼም ነበር፤ ቶሎ ጨርሼ መሄድ ፈልጌም ነበር። የትኛው ነው እጄን ያንቀሳቀሰው? ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅኩ፤ አንድ ቀን አንዱ ይመስለኛል፣ ሌላ ቀን ሌላው።

ውጤቱ ንጹሕ ነው ተብሎ መጣ። ሰልማ አመሰገነችኝ። ገዢው ግቢውን ገዛው፤ ሰዓዳም ከልጇ ጋር እዚያው ቀረች። ልጅቷ በዚያ አፈር ላይ ትጫወታለች፤ ጣቷንም ትጠባለች። አየሁ። አይቼ ምን አልኩ? ምንም።

ከወራት በኋላ ኢክራም ሆዷን ያማት ጀመር። ፊቷ ገረጣ፤ የምታውቃቸው ቃላት ይጠፏት ጀመር። ክሊኒኩ ትል ነው ብሎ መድኃኒት ሰጣት። ከባትሪ የሚወጣው የእርሳስ መርዝ ደሟ ውስጥ እንዳለ መርምሩላት ማለት እችል ነበር። እንዲያ ካልኩ ግን ከየት አወቅህ እባላለሁ። ትል ሊሆን ይችላል እኮ፣ አልኩ ለራሴ። ምናልባትም ነው። እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እንዳላውቅ ያደረግኩትም እኔው ነኝ።

ሰዓዳ በኋላ ልጇን ይዛ ወሎ ገባች። አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ኢክራም ትምህርት አልገባት ብሎ በዕድሜ ከሚያንሷት ልጆች ጋር ክፍል እንደምትቀመጥ ነገረችኝ።

«ምን ይደረግ፣ አላህ ያመጣው ነው» አለች።

«አዎ» አልኳት። አዎ! ከአፈሩ ይልቅ ይህቺ ቃል ትከብደኛለች።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። የበደልኩት ሰዓዳን ነው። እሷ ደግሞ በደወለች ቁጥር፣ በዚያች «አዎ» ያጽናናኋት መስሏት ትመርቀኛለች፤ እኔም አሜን እላለሁ።