የተያዝሁበት ደጅ

በቸርነቱ ለዚህ ዕድሜ ባደረሰኝ በልዑል እግዚአብሔር ስም እጀምራለሁ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ በምኖርባት በቡታጅራ ከተማ ነው። በዚህ ሽበቴ እንደ ሌባ መያዜን ባሰብሁ ቁጥር ሳቄ ይቀድመኛል።

የልጄ የሰላማዊት ልጅ ኪሩቤል አራት ዓመት ሞልቶት፣ ለመስከረም ትምህርት ቤት ይፈለግለት ነበር። እናቱ ቀኑን ሙሉ በርበሬ መሸጫ ሱቋ ውስጥ ናት። ሕፃኑ ደግሞ በር ክፍት ካገኘ አይቆምም። አንድ ቀን ሾልኮ ወጥቶ፣ እኛ ስንላቀስ፣ ባጃጅ ተራ ከሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ መሪ ሲያዞር ተገኝቷል። ስለዚህ ሰላማዊት «አባዬ፣ ልቤ አርፎ የምሠራበትን ትምህርት ቤት ይምረጡልኝ» ብላ አደራ ጣለችብኝ።

እኔ የማውቀው የአመራረጥ ስልት አንድ ብቻ ነው። በወጣትነቴ ቅኔ ልማር ከደብር ደብር ስዞር፣ ወደ መምህሩ ከመቅረቤ በፊት ከጉባኤው ራቅ ብዬ አደምጥ ነበር፤ ሲያርም የሚቆጣውን ከሚታገሠው በድምፁ እለየዋለሁ። አሁንም እንዲሁ ላደርግ መቋሚያዬን ይዤ ወጣሁ።

በመጀመሪያው ትምህርት ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ ሳደምጥ፣ ኳስ የተከተለ ሕፃን ገርበብ ባለው በር ወጣ። እጁን ይዤ አስገባሁትና ወደ ቦታዬ ተመለስሁ። በሁለተኛው ደጅ አንዲት ሴት የኔ ቢጤ መስዬአት ዳቦ ሰጠችኝ፤ መርቄ ተቀበልኋት። በሁለቱም ዘንድ ምን ትሠራለህ ያለኝ የለም። የመምህራኑም ድምፅ መልካም ስለ ነበር መምረጡ ቸገረኝ።

በሦስተኛው ግን ገና ከመቀመጤ ጥበቃው ከፊቴ ቆመ።

«አባባ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?»

«ማንንም። አዳምጣለሁ።»

«ምኑን?»

«የመምህሯን ድምፅ።»

ዓይኑ ፈጠጠ። «ወላሂ፣ ይሄ ነገር አልጣመኝም! ይነሱ፣ ዳይሬክተሯ ጋ እንሂድ።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነኝ።»

«ይሁኑ! እኔም የነዚህ ልጆች ጠባቂ ነኝ» አለና መቋሚያዬን ተቀብሎ አስገባኝ።

ከመንገዱ ማዶ የሚያውቀኝ ልብስ ሰፊ «መሪጌታ! በዚህ ዕድሜዎ ደግሞ ምን ሰረቁ?» እያለ ሲስቅ ይሰማኛል። እፍረቴ ላብ ሆኖ ወረደ።

ዳይሬክተሯ ለሰላማዊት ደወለች። ልጄ እያለከለከች ደረሰች። «አባዬ! እስከ ዛሬ ኪሩቤልን ፍለጋ ነበር የምሮጠው፤ አሁን ደግሞ እርስዎን?»

ጥበቃው ከድር ማንነቴን ሲረዳ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ ነው ያ ኳስ ተከትሎ የወጣው ሕፃን ትዝ ያለኝ። እጁን የያዝሁት እኔ ባልሆን ኖሮስ?

ከድርን ቀና አድርጌ «ይቅርታ መጠየቅ የለብህም» አልሁት። ወደ ልጄም ዞሬ «እዚህ አስመዝግቢው» አልኋት።

«የመምህሯስ ድምፅ?»

«እሱን ገና አልሰማሁትም።»

ኪሩቤል በገባ በሳምንቱ በከድር እግሮች መካከል ሊሾልክ ሞክሮ፣ ተንጠልጥሎ ወደ ክፍሉ ተመልሷል። እናቱም ልቧ አርፎ ትነግዳለች። እኔም ልወስደው በሄድሁ ቁጥር ከድር «አባባ፣ ዛሬስ ማንን ይጠብቃሉ?» ይለኛል። ከክብር ሁሉ ይልቅ ያ መጠርጠር ዛሬ ደስ ያሰኘኛል።

እናንተም አንባብያን፣ ከደጃችሁ የሚተጋ ጠባቂ አይታጣ፤ ማለዳ የወጣ ልጃችሁ ማታ በሰላም ይግባ፤ ቤታችሁን አምላክ በበረከቱ ይሙላው። አሜን።