ተመልካቹ የሚያውቀው

ድራማዊ ምፀትን ለአሥራ አንደኛ ክፍል ሳስተምር ሰሌዳውን ለሁለት እከፍለው ነበር። በአንዱ ወገን ተመልካቹ የሚያውቀውን፣ በሌላው ገጸ ባሕርይዋ የምታውቀውን እጽፋለሁ። «ሰውን ወንበሩ ላይ ሰቅዞ የሚይዘው የገጸ ባሕርይዋ ወገን ባዶነት ነው» እላለሁ፣ ራሴ የፈለሰፍኩት ይመስል እየተኩራራሁ። አሁን ሰሌዳ መክፈሉን ትቻለሁ።

ይህን በተውኩበት ዓመት የመካነ ሰላም ተማሪዎቼ የሠሩትን ቴአትር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ታሪኩ ቀላል ነው። የአንዲት እናት ልጅ ዐረብ አገር ሞታለች። መንደሩ ሁሉ ሰምቷል፣ እናትየዋ ግን አልሰማችም። መርዶው እስኪነገራት ድረስ ጎረቤቶቿ እየሳቁ ይገባሉ፣ እየሳቁ ይወጣሉ። እናትየዋን የምትጫወተው ከክፍሉ ጎበዟ ልጅ ነበረች። ቴአትሩን ስንተነትን ግጭቱ በማንና በማን መካከል እንደሆነ ጠየቅሁ። ሌሎቹ «በእናትየዋና በጎረቤቶቿ» አሉ። እሷ ግን «አይደለም፣ ጎረቤቶቹ የተጣሉት ከገዛ አፋቸው ጋር ነው» አለች። እኔ ጸሐፊው እንኳን አላሰብኩትም ነበር፤ እንዳሰበ ሰው ግን ራሴን ነቀነቅሁ።

ቴአትሩ የሚታየው ዓርብ ከሰዓት ነበር። ሮብ ጠዋት ልጅቷን ያሳደገቻት አክስቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጣችና ወደ ግንቡ ጥግ ወሰደችኝ። ዐረብ አገር ስትሠራ የኖረችው የልጅቷ እናት ሞታለች።

«አባቷ ከማሻ፣ አጎቷም ከከላላ እስኪደርሱ ነው» አለችኝ። «ቅዳሜ ሲነጋጋ እናረዳታለን። እስከዚያው እንዳትጠረጥር ቴአትሩን ትሥራ።»

«ይሄንን ቴአትር?»

«ድንገት ቢያስቀሯት ታውቅብናለች። አደራዎን መምህር።»

በእኛ አገር መርዶ ዘመድ ሳይሰበሰብ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሰምቶ ብቻውን እንዳይወድቅ ነው፤ ደግ ልማድ ነው። እሺ አልኩ። ያንን እሺታዬን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኩም።

በሁለት ቀን ከተማው ሌላ ሆነ። ድሮ ዞር ብለው የማያዩዋት ሴቶች መንገድ ላይ እያቆሙ አገላብጠው ይስሟት ጀመር። ልምምድ ላይ ደግሞ ጎረቤቶቹን የሚጫወቱት ልጆች፣ ስንት ጊዜ ቆጥቻቸው አልያዝ ያላቸውን ቃል አንዲት ሳያዛንፉ ይወጡት ገቡ። እነሱም ሰምተው ነበር።

«ዛሬ ምን ነካቸው ቲቸር? ጎበዙ እኮ» አለችኝ ደስ ብሏት።

ዓርብ ዕለት ጉሙ የአዳራሹን መስኮቶች ሸፍኗቸዋል። ወትሮ ለቴአትር ብለን ብንለምነው የማይመጣ ሰው ቦታ አጥቶ ቆሟል። ሰው ያስቃል ብዬ የጻፍኩት ሁሉ ዝም ተብሎ አለፈ። ልጅቷ የሰለቻቸው መስሏት ይበልጥ ተጋች። «ልጄ ለፋሲካ ስትመጣ እኔን አታውቀኝም፣ እንዲህ ወፍሬ» ስትል የፊት ረድፍ ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ። ከመጋረጃው ጥግ ሆኜ አያለሁ። የሚናገረውን ተዋናይ የሚያይ አንድም ሰው የለም። ዝም ብላ በተቀመጠችበት ሰዓት እንኳን ያ ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነው። ፈራሁ፤ ሕዝቡንም ራሴንም ፈራሁ።

በመጨረሻው ትዕይንት ጎረቤቶቹ ለመርዶ ይገባሉ። እናትየዋ ገና ስታያቸው ይገባታል፤ ከዚያ ወደ ተመልካቹ ዞራ «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?» ትላለች። ወደ ተመልካቹ እንድትዞር ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ብልሃት መሆኑ ነበር። መልስ የለውም። መጋረጃው ይዘጋል።

ዞራ ጠየቀች። ገመዱን ከመሳቤ በፊት ከመሐል አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ።

«ከሮብ ጀምሮ ነው፣ ልጄ» አሉ። «አፉ በይን።»

አጎቷ ነበሩ። ቀን ላይ ከከላላ ገብተው፣ ቤት ብትመጣ ታገኛቸዋለች ተብሎ ከሕዝቡ መሐል የተሸሸጉ። ቴአትር አያውቁም ብሎ አገሩ በኋላ ወቀሳቸው። እኔ የምወቅስበት አፍ የለኝም፤ ልጅቷ ጠየቀች፣ እሳቸው መለሱ።

መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ተመልካች ገብቶ የቀለደ መስሏት። ከዚያ ለየቻቸው። አጎቷ በእርሻ ወቅት ቴአትር ሊያዩ ያን ያህል መንገድ እንደማይመጡ ታውቃለች። ጎረቤቶቹን ዞራ አየቻቸው፤ ሁሉም አቀርቅረዋል፣ አንዷ ታለቅሳለች። እኔ ገመዱን ይዤ ቆሜያለሁ።

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ወደ ቆምኩበት ጥግ መጥታ፣ በእናትየዋ ሳይሆን በራሷ በልጅነት ድምፅዋ፣ «ቲቸር፣ እርስዎም?» አለችኝ።