ሐይቅ ውስጥ የገባው ማሳ

ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው የቅየሳ ቢሮ ሥራ የገባሁ ዕለት፣ አለቃዬ ኢንጂነር ፈንታሁን አንድ ጂፒኤስና አንድ ኮምፒውተር አሳዩኝ። «ቀያሾቹ በዚያ ይለካሉ፤ አንቺ በዚህ ትቀይሪያለሽ» አሉኝ። ጂፒኤሱ የሚሰጠው ቁጥርና የድሮው ካርታ ቁጥር መነሻቸው አይገጥምም። ሳይቀየር ካርታው ላይ ካረፈ ቦታው ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይሸሻል።

የመቀየሪያውን ስሌት ከእኔ በፊት የነበረው ጌትነት ሠርቶት ሄዷል። በሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ጽፎ፣ ወደ ማሽን ቋንቋ ኮምፓይል አድርጎ፣ ዲኤልኤል በሚባል ውስጡ በማይነበብ ፋይል ዘግቶታል። ማክሮ የሚባለው የኤክሴሉ የትእዛዝ ዝርዝር ያን ፋይል ይጠራል፣ የጂፒኤሱን ቁጥር ይሰጠዋል፣ የተቀየረውን ይቀበላል። እኔ አንዲት ቁልፍ ከመጫን በቀር የማውቀው አልነበረም። ስምንት ዓመት ሙሉ እሷኑ ስጫን ኖርሁ።

አንድ ቀን ኢንጂነር ከስብሰባ መጡና በሁሉም ኮምፒውተር ላይ በኤክሴል ፋንታ ያለ ክፍያ የሚገኘውን የቢሮ ፕሮግራም አስጫኑ።

«ማክሮዎቹስ?» አልኋቸው።

«ፋይሉን ይከፍተዋል፤ ያው ነው» አሉ።

እውነትም ከፈተው። ቁልፏን ስጫን ቁጥሮቹ ቀኙ ዓምድ ላይ ቁጭ ቁጭ አሉ። የስህተት መልእክት የሚባል አልወጣም። የሐይቁ ዳር ማሳዎችን ካርታ አትሜ፣ ፈርሜ አስረከብሁ።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ሰኞ ጧት፣ ወይዘሮ ጥሩሰው መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሐይቁ ዳር ጌሾና በቆሎ የሚያለሙ ሴት ናቸው። የይዞታ ደብተር ለማግኘት የቀራቸው የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ውሳኔ ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ማሳሽ ሐይቅ ውስጥ ነው ተባልሁ» አሉኝ።

ካርታውን ተቀበልኋቸው። ማሳቸው ዳሩን አልፎ ውሃው ላይ ተሥሏል። ከሥሩ የኔ ፊርማ አለ። በሐይቅ መሬት ላይ ደግሞ ለማንም ደብተር አይሰጥም። ኮሚቴው ሐሙስ ይወስናል፤ ከወሰነ ማሳው የሳቸው መሆኑ ቀረ።

«ጌሾዬን የምለቅመው እየዋኘሁ ነው እንዴ?» አሉ።

እሳቸውን ሸኝቼ ፋይሉን ከፈትሁ። የግራውና የቀኙ ዓምድ ቁጥር አንድ ነው። ምንም አልተቀየረም! ማክሮውን ለመጀመሪያ ጊዜ ገልጬ አነበብሁት። አናቱ ላይ፣ ስህተት ቢያጋጥም ዝም ብለህ እለፍ የሚል ትእዛዝ ተቀምጧል። ዲኤልኤሉ የተሠራው ለድሮዎቹ የሠላሳ ሁለት ቢት ፕሮግራሞች ነው፤ አዲሱ ፕሮግራም ስድሳ አራት ቢት ስለሆነ ሊጭነው አልቻለም። አለመቻሉን እንዳይናገር ታዟልና የተሰጠውን ቁጥር እንዳለ መልሶ አስቀመጠው። ደሜ ፈላ። በጌትነት ይሁን በራሴ እስካሁን አልለየሁትም።

ለጌትነት ደወልሁ።

«ያ ፋይል እስካሁን ይሠራል?» ብሎ ሳቀ።

«አይሠራም! ችግሩም እሱ ነው!» ብዬ ጮህሁበት።

ደግነቱ የስሌቱን ጽሑፍ አልጣለውም ነበር። በማግስቱ ለስድሳ አራት ቢት ኮምፓይል አድርጎ ላከልኝ። እኔ ግን የመጥሪያውን መስመር እንደገና ስጽፍ፣ ቁጥሩ ራሱ እንዲተላለፍ የሚያዘውን ቃል ዘለልሁት። ለዲኤልኤሉ የደረሰው ቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠበት አድራሻ ሆነ። የወይዘሮ ጥሩሰው ማሳ ከሐይቁ ወጥቶ ሱዳን ገባ። መስመሩን ደጋግሜ ሳነብ የዘለልሁትን ቃል አገኘሁት።

ቃሉን አስገብቼ፣ በመሸንቲ መንገድ ያለውን የቅየሳ ምልክት ቁጥር ሰጠሁት። የዚያን መልስ በቃሌ አውቀዋለሁ። ገጠመ። ማሳውም ደረቅ መሬት ላይ ዐረፈ።

«ጎሽ፣ የሳቸውን ብቻ አርመሽ ላኪ» አሉ ኢንጂነር።

«የሌሎቹስ?»

«የሌሎቹ ሐይቅ አልገባም። ማን አቤት አለ?»

«ስላላወቁ ነው እንጂ፣ ኢንጂነር! አንዱን በሌላው ማሳ ላይ እኮ ነው ያስቀመጥነው።»

«ማኅተማችን አለበት፣ ውባንቺ። ምን እንባላለን?»

«የሳቸውን ብቻ ካረምን ኮሚቴው ለሴትዮዋ አድልታችኋል ይለናል። ያኔስ ምን እንባላለን?»

ረቡዕን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ዋልን። ወደ ማታው ላይ፣ ካርታዎቹ በሙሉ በቢሮው ጥፋት መሳሳታቸውን የሚገልጸውን ደብዳቤ ኢንጂነር ፊታቸውን አጥቁረው ፈረሙልኝ።

ሐሙስ የታረሙትን ካርታዎች ይዤ ሄጄ ደብዳቤውን ኮሚቴው ፊት አነበብሁት። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ተቀብለው ለመዝገብ ሲያስቀምጡ ወይዘሮ ጥሩሰው ከኋላ ተነሡ። ማንበብ አይችሉም።

«ጥፋቱ የማን ነው ይላል?» አሉኝ።

«የቢሯችን ነው ይላል፣ እትዬ።»

«እስቲ ጮክ አድርገሽ ድገሚው። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ሐይቁን አጥራ ልትወስድ ነው ሲሉኝ የነበሩት እዚሁ ተቀምጠዋል።»

ደገምሁት። አፍሬ ነበር። ደብተሩ በስማቸው እንዲጻፍ የዚያኑ ዕለት ተወሰነ። እሳቸው ሲወጡ ግን ከተቀመጡት አንዱም ይቅርታ አላላቸውም።

የቢሮ ፕሮግራም የምትቀይሩ ባልደረቦቼ፣ ማክሮው ከውጭ የሚጠራውን ፋይል አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ መልሱን በምታውቁት ነጥብም ፈትኑት። ስህተትን በዝምታ የሚያሳልፍ መስመር ካገኛችሁ አጥፉት። እኔ ይህን ሳላደርግ ስለፈረምሁ ሴትየዋ በሰፈራቸው ሌባ ተባሉ።