ግራኙ ወልደ ሐዋርያትና የሲግናሉ መጋዝ

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ባሕር ዛፍ ማስቆረጥ የፈለገ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚጠራው ግራኙን ወልደ ሐዋርያትን ነበር። ምሳሩን በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኙ አማትቦ፣ ነፋሱ ቅጠሉን ወዴት እንደሚወስደው አይቶ ይጀምራል። ዛፉም እሱ በጠቆመው ቦታ ይተኛል። አንድም አጥር ሰብሮ አያውቅም። ይህን ሰፈሩ ያውቃል፤ ሰፈሩ ቢረሳ እንኳ እሱ ያስታውሳል።

ዘንድሮ ግን ሸሪፍ የሚባል የሲግናል ሰፈር ልጅ የሞተር መጋዝ ይዞ መጣ። ወልደ ሐዋርያት ስሙን ጠርቶት አያውቅም፤ «የሲግናሉ» ነው የሚለው። ምሳር ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ግንድ የሲግናሉ ግን ሻይ እስኪፈላ ይገነድሰዋል። ይኼ አንሶ የገዛ ሚስቱ የማርያምወርቅ፣ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፤ ቅርንጫፉን እንኳ ሰብስቦ ነው የሚሄደው» አለች። ያን ቀን ራቱን አልበላም። ምቀኛ አታሳጣኝ ይባል የለ? ሸሪፍ ሳይለምን ተሰጠው።

አንድ ዓርብ ወይዘሮ ሰገነት ጣሪያቸው ላይ ያዘነበለውን ባሕር ዛፍ ሊያስጥሉ የሲግናሉን ጠሩ። ከዚያ ጉቶ የበቀለውን ሁለት ጊዜ የቆረጠው ወልደ ሐዋርያት ነው፤ ይኼ ሦስተኛው ቡቃያ ነበር። ይኼንን ሌላ ሰው ከጣለው ምሳሩ ከእንግዲህ የማገዶ መፍለጫ ሆኖ መቅረቱ ነው። ማንም ሳይጠራው ሄዶ አጥሩ ጥግ ቆመ።

ሸሪፍ የራስ ቁር ደፍቶ፣ መነጽርና ጓንት አድርጎ መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ የኋላ እጀታውን በእግሩ ረግጦ ሞተሩን አስነሳው። ከዚያ ከፊት እጀታው በላይ ያለውን የእጅ መከላከያ ወደ ፊት ገፋ ሲያደርገው የሚሽከረከረው ሰንሰለት ቀጥ አለ።

«ፍሬኑን እየሞከርኩ ነው» አለ።

«እንጨት ልትቆርጥ ነው ወይስ ሚኒባስ ልትነዳ?» አለው ወልደ ሐዋርያት። ለማየት የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሸሪፍም አብሮ ሳቀ፤ መሳቁ ደግሞ የባሰ አናደደው።

ቅርንጫፎቹን አራግፎ ሲጨርስ የጁምዓ ሰዓት ደረሰ። ቤተሰቡና ተመልካቹ ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ እንዲርቁ አዝዞ ስለነበር ከወልደ ሐዋርያት በቀር ግቢው ባዶ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፍሬኑን አስይዞ የሰንሰለቱን ሽፋን አለበሰና፣ «አባባ፣ ሰግጄ እስክመለስ ይጠብቁልኛል? ማንም እንዳይነካው» ብሎ ወደ መስጊድ ወረደ።

ጠባቂ! የሠላሳ ዓመት ቆራጭ የሰው መጋዝ ጠባቂ ሆነ። የሲግናሉ ሲመለስ ዛፉን ተኝቶ ቢያገኘውስ? የማርያምወርቅስ ምን ትል ነበር?

ሽፋኑን ገፈፈው። እንዳየው እጀታውን ረግጦ ገመዱን ሳበ፤ በሦስተኛው ተነሳለት። መከላከያውን ወደ ኋላ መልሶ ፍሬኑን ለቀቀ። መጋዙን እንደ ምሳሩ ያዘው፤ ግራ እጁ ከኋላ ነዳጅ መስጫው ላይ፣ ቀኙ ከፊት። ግንዱ ዘንድ ቀረበ። ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳያማትብ አንድ ዛፍ ነክቶ አያውቅማ፤ ቀኝ እጁ ማንም ሳያዘው መጋዙን ለቅቆ ወደ ግንባሩ ሄደ።

የመጋዙ ጫፍ ግንዱን ነካና ወደ ፊቱ ተፈናጠረ። «በስመ አብ» አላለቀም። ያ ያፌዘበት ፍሬን ከፍንጠራው የተነሳ በራሱ ቀጭ ብሎ ያዘ፤ የቆመው ሰንሰለት ትከሻውን መትቶ ጃኬቱን ሸረከተና መጋዙ ሣሩ ላይ ወደቀ። ወልደ ሐዋርያት አጠገቡ ቁጭ አለ። ሞተሩ ያጉረመርማል፤ እንዴት እንደሚጠፋ አያውቅም።

ሸሪፍ ሲመለስ እንደዚያው አገኛቸው። ሞተሩን አጠፋ። የተጫረውን ግንድ አየ፣ ጃኬቱን አየ።

«ሳማትብ ነው» አለ ወልደ ሐዋርያት።

ሸሪፍ አልሳቀም። «እኔም ቢስሚላህ የምለው ከማስነሳቴ በፊት ነው፣ አባባ። ከተነሳ በኋላ ሁለቱም እጅ የመጋዙ ነው።»

ዛፉ በአሥር ሰዓት ወደቀ፤ አጥር አልነካም። ሸሪፍ ያየውን ለወይዘሮ ሰገነትም ለማንም አልተነፈሰም። ወልደ ሐዋርያት ይኼንንም ቀናበት፤ እሱ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር።

ማታ የማርያምወርቅ ጃኬቱን እየጠቀመች፣ «ዛፉን የሲግናሉ ጣለው?» አለችው።

«ስም አለው» አለ ፊቱን አዙሮ። «ሸሪፍ ይባላል።»